ከጄምስ ብራውን ጀርባ የቆሙት ሰዎች፦ እስቲ ስለ አጃቢ ባንድ እናውራ

ቤዝ_ከአራት_ኪሎ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40)

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን አንድ ታሪክ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። የምታውቁት ካላችሁ አብረን እናውራበት።

እኔ ቤዝ ተጫዋች ነኝ። ሠርግ ላይ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ክለብ ውስጥ እሠራለሁ። አጃቢ ነኝ ማለት ነው። ሁሌም ከዘፋኙ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ነው የምቆመው። ቦታዬን እወደዋለሁ። ለዚህም ይመስለኛል ከዘፋኞች ይልቅ የአጃቢዎች ታሪክ የሚያንሰፈስፈኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ማርች 1970፣ ጆርጂያ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ። አሜሪካዊው የፈንክና የሶል ዘፋኝ ጄምስ ብራውን ኮንሰርት አለው። ያኔ ከኋላው የነበረው ባንድ የሚገርም ነው። ሳክስ ላይ ማሴዮ ፓርከር፣ ድራም ላይ ወንድሙ ሜልቪን፣ ጊታር ላይ ጂሚ ኖለን። ዛሬ ፈንክ የምንለውን ነገር ከብራውን ጋር ሆነው የፈጠሩ ሰዎች ናቸው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ተሰብስበው ክፍያችን ይስተካከል አሉ። ካልተስተካከለ ስቴጅ አንወጣም አሉ።

ብራውን ምን አደረገ? አልተለማመጣቸውም። ለረጅም ጊዜ አብሮት የዘፈነውን ቦቢ በርድን በግል ጄት ወደ ሲንሲናቲ ላከ። እዚያ ፔስሴተርስ የሚባል የሠፈር ልጆች ባንድ ነበር። ቤዙን የሚመታው ቡትሲ ኮሊንስ ገና 18 ዓመቱ ነው። ጊታሩን የያዘው ታላቅ ወንድሙ ካትፊሽ ነው። ልጆቹ ተጭነው መጡ። ነባሮቹ ወጡ፣ ልጆቹ በዚያው ሌሊት ስቴጅ ላይ ወጡ። ልምምድ የለ፣ ምን የለ።

ከዚያ በኋላ ነው ዘ ጄቢስ የሚባለው ባንድ የተወለደው።

እስቲ ፍረዱ። እናንተ ከነባሮቹ አንዱ ብትሆኑ ምን ይሰማችኋል? ከልጆቹ አንዱ ብትሆኑስ፣ ትሄዱ ነበር? እኔ በ18 ዓመቴ እንደዚያ ብጠራ ቤዜን ይዤ እሮጥ ነበር። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ግን ልቤ ከነባሮቹ ጋር ነው።

---

የሸክላ_ቤት (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡15)

ጥሩ ርዕስ አነሳህ ወንድሜ። ሸክላ መሰብሰብ ከጀመርኩ ረጅም ጊዜ ሆነኝ፣ ከመደርደሪያዬ ግማሹ የብራውንና የባንዱ አባላት ሥራ ነው። ትንሽ ልጨምርበት።

አንደኛ፣ ልጆቹ ዝም ብሎ ከመንገድ የተለቀሙ አይደሉም። ሲንሲናቲ የኪንግ ሬከርድስ ከተማ ናት። ኪንግ ደግሞ የብራውን አሳታሚ ነው። ልጆቹ እዚያ ስቱዲዮ እየገቡ ሌሎች ዘፋኞችን ያጅቡ ነበር። የብራውንን ዘፈኖች ጠጥተዋቸዋል። ልምምድ አልነበረም ስትል ልክ ነህ፣ ግን ለዓመታት ቤታቸው ሆነው ሲለማመዱት የኖሩት እሱን ነበር።

ሁለተኛ፣ ለውጡ በጆሮ ይሰማል። ልጆቹ ከመጡ ብዙም ሳይቆይ፣ በኤፕሪል 1970፣ ናሽቪል ገብተው «ሴክስ ማሽን»ን ቀረጹ። እስቲ አሁኑኑ ክፈቱት። ነፋሾቹ መግቢያው ላይ ይመታሉ፣ ከዚያ የሉም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት የብራውን ሙዚቃ በነፋስ መሣሪያ የተሞላ ነበር። አሁን መሐል ሜዳውን ቤዝና ጊታር ያዙት። ቤዙን ብቻ ተከተሉ። አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሽከረከራል። ግን «አንድ» ላይ ሁሌም ቤት ይገባል። ቡትሲ ይህን የተማረው ከብራውን መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። ልጁ መጀመሪያ ላይ ቦታውን ሁሉ በኖታ ይሞላው ነበር። ብራውን ያለው አንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያውን ምት ስጠኝ፣ ሌላው ላይ የፈለግከውን አድርግ።

በዚህ ዘፈን ድራሙ ላይ ግን አዲስ ሰው የለም። ጆን «ጃቦ» ስታርክስ ነው፣ ከድሮው ባንድ የቀረ። ልጆቹን መሬት ያስያዛቸው እሱ ይመስለኛል።

---

ሰዓት_አክባሪ (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡32)

እኔ ከብራውን ጋር ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ኮንሰርቱ ሊጀመር ሲል፣ ሕዝብ ተቀምጦ እየጠበቀ፣ አንወጣም ማለት ትክክል አይደለም። ያ ሕዝብ ትኬት ገዝቷል። ብራውን ባንዱን እንደ ወታደር ያሠለጥን ነበር። ማርፈድ ያስቀጣል፣ ያልተወለወለ ጫማ ያስቀጣል፣ የተሸበሸበ ልብስ ያስቀጣል፣ ምልክት ማለፍ ያስቀጣል። እየዘፈነ እየጨፈረ እጁን ወደ ባንዱ ዘርግቶ ጣቶቹን ከፈት ከደን ያደርጋል። ተመልካቹ ጭፈራ ይመስለዋል። ባንዱ ግን ማን ስንት ዶላር እንደተቀጣ ያውቃል። ያ ጥብቅነት ባይኖር ያ ድምፅ አይኖርም ነበር። የእኛ ባንዶች ከዚህ ብዙ ይማራሉ።

---

የድሮ_ትራምፔት (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡10)

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ይህን ጽሑፋችሁን አገኘሁና ደስ አለኝ።

እኔ በወጣትነቴ ትራምፔት ነፍቻለሁ። የኖርኩበትን ኦርኬስትራ ስም አልጠራም፣ ሰዎቹም በሕይወት የሉም። ከእኛ ዘንድም ቅጣት ነበር። አለቃችን ከኮንሰርት በፊት ያሰልፈንና ጫማችንን ያይ ነበር። ጎንበስ ይልና የገዛ ፊቱ ጫማው ላይ ታየው አልታየው ብሎ ይመረምራል። እኔ ኪሴ ውስጥ ሁሌም የቀለም ጨርቅ ነበረኝ። መድረክ ልንወጣ ስንል ትራምፔቴን ብብቴ ሥር አድርጌ፣ አንዱን እግሬን በሌላው ሱሪ ጀርባ አሻሽቼ ነበር የምወጣው። እስከ ዛሬ ከቤት ስወጣ ጫማዬን ሳላይ አልሄድም።

ስለዚህ ልጄ ሰዓት አክባሪ፣ ስለ ሥርዓት ያልከው ይገባኛል። ሥርዓት ባንድን ያቆማል። ግን ሁለት ነገር አትቀላቅል። ጫማህን ስላላወለወልክ መቀጣት አንድ ነገር ነው። ጫማህም ልብስህም ኖታህም ሳይጎድል ደመወዝህ ሲጎድል ደግሞ ሌላ ነው። እኛም አንድ ጊዜ ለአንድ ጉዞ ቃል የተገባልን አበል ቀርቶብናል። አልጠየቅንም። አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። እነዚያ ሰዎች ጠየቁ። ሲጠየቅ ደግሞ ሰዓቱ ሁሌም የማይመች ነው። ከኮንሰርት በፊት ካልሆነ አጃቢ መቼ ነው ድምፅ ያለው?

---

ቤዝ_ከአራት_ኪሎ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡05)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያቺ የጫማ ጨርቅ ዓይኔ ላይ ቀረች።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ልክ እኔ ልጽፈው ፈልጌ ያቃተኝ ነው። ዘፋኙ ሲናደድ ጋዜጣ ይጽፍለታል። አጃቢው ሲናደድ ሌላ አጃቢ ይጠራበታል።

የሸክላ ቤት፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከዚያ ሌሊት በኋላ እነማሴዮና እነቡትሲ ተያይተው ያውቃሉ? ማለቴ፣ ቂም አልያዙም?

---

የሸክላ_ቤት (ረቡዕ፣ ቀትር 6፡50)

ይህን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። ታሪኩ የሚያምረው እዚህ ጋ ነው።

ማሴዮ ወጥቶ ከነባሮቹ ጋር ማሴዮ ኤንድ ኦል ዘ ኪንግስ ሜን የሚባል ባንድ አቋቋመ። ብዙም አልሄደላቸውም። ጂሚ ኖለን በ1972 ወደ ብራውን ተመለሰ። ማሴዮም በ1973 ተመለሰ። ያኔ የባንዱ መሪ ትሮምቦኒስቱ ፍሬድ ዌስሊ ነው። እሱም ከዚያ በፊት ወጥቶ የተመለሰ ሰው ነው። በ1974 ኪንሻሳ ላይ፣ ከመሐመድ አሊና ከጆርጅ ፎርማን የቡጢ ግጥሚያ ጋር ተያይዞ በተዘጋጀው ትልቅ ኮንሰርት፣ ከብራውን ጀርባ የነበሩት እነሱ ናቸው።

ቡትሲስ? እሱ ከብራውን ጋር አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው የቆየው። በ1971 ወጣ። ከዚያ ፓርላመንት ፈንካደሊክ ወደሚባለው የጆርጅ ክሊንተን የፈንክ ባንድ ሄደ። በ1975 ደግሞ ፍሬድ ዌስሊና ማሴዮ ፓርከር ብራውንን ትተው የት ሄዱ መሰላችሁ? እዚያው ክሊንተን ጋ። ቡትሲ የራሱን ባንድ ሲያቋቁም ነፋሾቹ እነሱ ሆኑ። ያ በጄት መጥቶ የእነማሴዮን ቦታ የያዘው ልጅ መሪ ሆኖ፣ ማሴዮ ከጎኑ ቆሞ ነፋለት። በ1976 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ሰምቼ አልጠግብም። ቂም ያለበት ሰው እንደዚያ አይነፋም።

---

ሲልቨር_ስፕሪንጓ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡20)

ሰላም ሁላችሁም። ከዚህ ከዲሲ አካባቢ ነው የምጽፈው።

ይህን ሳነብ እኔ የመጣብኝ ዋሊያስ ባንድ ነው። ጄቢሶችን የሚያህል አጃቢ ባንድ እኛም ነበረን። ዋሊያስ የራሱን መሣሪያ ይዞ፣ በራሱ ስም ከሆቴል ጋር የሚዋዋል ባንድ ነበር። ከዚያ በፊት መሣሪያውም ባንዱም የክለቡ ባለቤት ንብረት ነበር ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ካልፈለገህ የያዝከው ሳክስ ሳይቀር ይቀርብሃል። ዋሊያሶች አዲስ አበባ ሂልተን ላይ በደርግ ጊዜ ለዓመታት ተጫውተዋል። ሰዓት እላፊ ስለነበር የገባ ሰው መውጣት አይችልም። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አንድ ዘፋኝ ይወርዳል፣ ሌላ ይወጣል። ባንዱ ግን ያው ነው። ያ የዋሊያስ አንድነት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። እያንዳንዱን ሌሊት እስከ ንጋት አብረህ ስትጫወት ጓደኛህ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ከትንፋሹ ታውቃለህ።

በ1981 ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ለጉብኝት መጡ። ሲጨርሱ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ወደ አገር ቤት ተመለሰ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኩ ገብሬ እዚህ ቀሩ። አንድ ጉብኝት ባንድን እንደሚሠራ ሁሉ እንደሚበትንም ያየሁት በእነሱ ነው። ኃይሉ መርጊያ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። ደንበኛ ሲጠብቅ በኤርፖርት ተራ ላይ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 ብቻውን የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ነው ዓለም የፈለገው። ከዚያ በኋላ አውሮፓና አሜሪካን ዞሯል፣ አዲስ ሥራም አውጥቷል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ምን መሰላችሁ? በልጅነቴ ቤታችን የነበሩት ካሴቶች ላይ የዘፋኙ ፎቶ አለ፣ የዘፋኙ ስም አለ። ባንዱ ቢበዛ ሥሩ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው። የቤዙ ሰው ስም፣ የድራሙ ሰው ስም ብዙ ጊዜ ጭራሽ የለም። አባቴ ግን «ይሄ ሮሃ ነው፣ ይሄ ዳህላክ ነው» ብሎ በጆሮው ይለይ ነበር።

---

የሸክላ_ቤት (ረቡዕ፣ ማታ 2፡55)

እህቴ አባትሽ ጆሮ ነበራቸው። የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» 1975 ላይ የተቀረጸው ከአይቤክስ ባንድ ጋር ነው። አይቤክስ ነው በኋላ ሮሃ የሆነው። አውሮፓ ውስጥ በ1986 እንደገና ሲታተም ፈረንጁ መጀመሪያ የያዘው ያንን ቤዝ ነው ብዬ አምናለሁ። ቃሉን ስለማይሰማ ባንዱን ሰማ።

---

ድራም_ተማሪ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡00)

ጤና ይስጥልኝ ታላላቆቼ። እኔ ድራም ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። አስተማሪዬ የብራውንን «ፈንኪ ድራመር» ካልተጫወትሽ ድራም ይዘሻል አልልም ይለኛል። ሞከርኩት። ኖታው ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ስጫወተው ግን እንደ ምስማር ነው የሚሰማው። ደረቅ ነው። እባካችሁ ምን እየጎደለኝ ነው? ደግሞ ድራም ላይ ማን እንደሆነ ሸክላው ላይ አልተጻፈም።

---

የሸክላ_ቤት (ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡30)

ክላይድ ስቱብልፊልድ ነው ስሙ። በደንብ ያዢው።

ቻተኑጋ፣ ቴነሲ የተወለደ ሰው ነው። በ1965 ከብራውን ጋር ጀመረ። ጃቦ ስታርክስም በዚያው ዓመት ነው የመጣው። ብራውን ስቴጅ ላይ ከአንድ በላይ ድራመር ይዞ ነበር የሚዞረው፣ ሁለቱ ግን ለየት ያሉ ነበሩ። ጃቦ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ። ክላይድ የሚያወራ፣ የሚያጉረመርም። «ኮልድ ስዌት» በ1967 ሲወጣ ድራሙ እሱ ነው። «ፈንኪ ድራመር» የተቀረጸው ኖቬምበር 20 ቀን 1969 ሲንሲናቲ ነው። ረጅም ነው፣ ሙሉውን ስትሰሚ ከ5 ደቂቃ በኋላ ብራውን ባንዱን ዝም ያሰኛል። ድራመሩን ሶሎ አትጫወት፣ የያዝከውን ብቻ ይዘህ ቀጥል ይለዋል። ክላይድም የያዘውን ይቀጥላል። ሃያ ሰከንድ ገደማ ብቻ ናት።

ያቺ ሃያ ሰከንድ በሂፕ ሆፕ ታሪክ ውስጥ በብዛት ከተቆረጡት ድምፆች አንዷ ናት። ከሰማንያዎቹ ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ ዘፈኖች ላይ ገብታለች። ክላይድ ከዚያ ያገኘው የሮያሊቲ ገንዘብ የለም። ለምን? ሕጉ የሚያውቀው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ደራሲው፣ ሌላው የቅጂው ባለቤት። በደራሲነት የተመዘገበው ጄምስ ብራውን ነው። ክላይድ ያን ቀን ተከፍሎት የሄደ ሙዚቀኛ ነው። ምቱን ማን አመጣው ብሎ የሚጠይቅ ወረቀት አልነበረም።

አሁን ከዚህ ጋር ይህን አስተያዩ። «ኮልድ ስዌት»ን ብራውን ለሳክሲስቱ ለፒ ዊ ኤሊስ በጉሮሮው እያጉረመረመ ሰጠው። ኤሊስ ያንን ጉርምርምታ ወደ ኖታ ለወጠው። ስሙ ከብራውን ጋር በደራሲነት ገባ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ኤሊስ በወረቀት ጻፈ። ክላይድ በእጁ ጻፈ። የዘፈኑ ስም ራሱ ስለ ድራመሩ ሆኖ ሳለ፣ ድራመሩ የለም። ይህ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል።

---

ሰዓት_አክባሪ (ሐሙስ፣ ቀትር 7፡15)

ይህን አላውቅም ነበር። ሥርዓትን በተመለከተ ያልኩትን አልተውም። የሃያ ሰከንዱ ግን በደል ነው። ብራውን ባንዱን ለጎደለ ኖታ አምስት ዶላር የሚቀጣ ከሆነ፣ ለመጣ ኖታም መክፈል ነበረበት።

---

ማዲሰን_የኖርኩ (ሐሙስ፣ ማታ 4፡45)

ሰላም። ከዚህ በፊት አነብባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ክላይድ ስቱብልፊልድ ሲነሳ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ተማሪ ነበርኩ። ክላይድ ከብራውን ባንድ ከወጣ በኋላ ኑሮውን ያደረገው እዚያ ነው። እስኪሞት ድረስ፣ እስከ ፌብሩዋሪ 2017። ለብዙ ዓመታት ሰኞ ሰኞ ማታ መሀል ከተማ አንዲት ክለብ ውስጥ ይጫወት ነበር። አንድ ጓደኛዬ እየጎተተ ወሰደኝ። ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ትንሽ ክፍል ናት። ብርዱ ውጭ አጥንት ይሰብራል፣ ውስጡ ግን ላብ ነው። እኔ ከድራሙ አጠገብ ነበር የቆምኩት። እጁን ነበር ያየሁት። ግራ እጁ ስኔር ከሚባለው ከበሮ ላይ አይነሳም። ዱላው ቆዳው ላይ እንደ ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል። ከኋላ ለቆመ ሰው አይሰማም። ለእኔ ግን ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በመሐል አንዱን ይመታዋል፣ እሱ ለሁሉም ይሰማል።

እህቴ ድራም ተማሪ፣ የጎደለሽ ያ ይመስለኛል። ድራመሮቹ ጎስት ኖት የሚሉት ነው። ትልቁን ምት ብቻ ተጫውተሽ ከሆነ ምስማር ነው የሚሆነው። በትላልቆቹ መካከል ያሉትን ትንንሾቹን ፈልጊ። ዱላውን ከቆዳው ሁለት ጣት በላይ አታንሺው። ሌላ ሰው እንዲሰማው ብለሽ ሳይሆን አንቺ እንዲሰማሽ ተጫወቺው። ሃይ ሃቱን ሳታቋርጪ ያዢ። ፍጥነት አትጨምሪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ክላይድ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ካንሰር ታሞ ነበር። ያን ጊዜ የሕክምና ወጪውን የከፈለለት ዘፋኙ ፕሪንስ ነው። ፕሪንስ ይህን ለማንም አላወራም። ፕሪንስ በ2016 ሲሞት ክላይድ ራሱ ነው የተናገረው።

ማዲሰን ስል ደግሞ ሌላ ባንድ አለ። ክላይድ የኖረባት ከተማ ሐይቅ አላት፣ ሞኖና ትባላለች። ዲሴምበር 10 ቀን 1967 የሶል ዘፋኙን ኦቲስ ሬዲንግን ይዛ ከክሊቭላንድ የመጣች ትንሽ አውሮፕላን እዚያ ሐይቅ ውስጥ ወደቀች። በዚያው ምሽት ማዲሰን ላይ ኮንሰርት ነበራቸው። ከኦቲስ ጋር አጃቢ ባንዱ ባር ኬይስ ነበሩ። ከሜምፊስ የመጡ የሃይስኩል ጓደኛሞች ናቸው። በዚያው ዓመት «ሶል ፊንገር» የሚል የራሳቸው ሥራ ወጥቶላቸው ታዋቂ ሆነው ነበር። ኦቲስም ወዷቸው ነው ይዟቸው መዞር የጀመረው። ጊታሪስቱ ጂሚ ኪንግ፣ ኦርጋኒስቱ ሮኒ ካልድዌል፣ ሳክሲስቱ ፋሎን ጆንስ፣ ድራመሩ ካርል ከኒንግሃም። አራቱም አለቁ። ገና ሃያ ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። ትራምፔቲስቱ ቤን ኮሊ ብቻ የወንበር ትራስ አቅፎ በዚያ በረዶ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ተረፈ። ዋና አይችልም ነበር። የጓደኞቹን ጩኸት እስኪጠፋ ሰምቷል። ቤዝ ተጫዋቹ ጄምስ አሌክሳንደር አውሮፕላኗ ሁሉንም ስለማትይዝ በሌላ በረራ ነበር።

ሁሉም ሰው ያን ቀን የሚያስታውሰው ኦቲስ ሬዲንግ የሞተበት ቀን ብሎ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። ሐይቁ ዳር የመታሰቢያ ቦታ አለ። በልግ ላይ ከሰዓት በኋላ እዚያ እየተቀመጥኩ አነብ ነበር። ከጊዜ በኋላ ነው የልጆቹን ታሪክ ያነበብኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐይቁን ሳይ የሚመጣብኝ የዚያ ወጣት ልጅ ሳክስ ነው።

ኮሊና አሌክሳንደር ባንዱን እንደገና አቋቋሙት። አዳዲስ ልጆች አስገቡ። ዘፋኙ አይዛክ ሄይስ በ1969 «ሆት በተርድ ሶል»ን ሲሠራ ከኋላው ያሉት አዲሶቹ ባር ኬይስ ናቸው። ያን አልበም የሚያውቅ ሰው ያን ባንድ ያውቃል።

---

ሲልቨር_ስፕሪንጓ (ሐሙስ፣ ማታ 5፡30)

ቤን ኮሊን አሁን ፈልጌ አገኘሁት። በ2015 ነው ያረፈው። ትራምፔቱን አልተወም። አልቅሼ ነው የጻፍኩት።

---

የድሮ_ትራምፔት (ዓርብ፣ ጠዋት 1፡00)

ልጄ ማዲሰን የኖርከው፣ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። አስተካክለህ ጽፈኸዋል።

እኛም በመኪና አገር ለአገር ዞረናል። ኦርኬስትራ ሲጓዝ ሁላችንም አንድ መኪና ላይ ነን። መሣሪያው ጣራው ላይ፣ እኛ ከውስጥ ተጠጋግተን። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ያለው መንገድ ያኔ እንዴት እንደነበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዘፋኙ ከፊት ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል። ሲጠመዘዝ ትሮምቦኒስታችን ሁሌም እጄን ይይዘኝ ነበር። ምንም አይለኝም። ሜዳ ሲደረስ ይለቀኛል። አርባ ሰባት ሰው ያየን ይመስል ሁለታችንም ወደ መስኮት እናያለን። ባር ኬይስን ሳነብ ያ እጅ ትዝ አለኝ።

---

ቤዝ_ከአራት_ኪሎ (ዓርብ፣ ጠዋት 4፡20)

ጋሼ፣ ይህን ያስተማሩኝ ቤዝ ሲያስተምሩኝ ከነበሩት ሁሉ ይበልጣል።

ትናንት ማታ ልምምድ ነበረን። ከመጀመራችን በፊት ለባንዱ የክላይድን ታሪክ ነገርኳቸው። ድራመራችን ዝም ብሎ ሰማኝና ዱላውን አስቀምጦ «ሠርግ ላይ ዘፋኙ ሲያስተዋውቅ ስማችንን ይጥራ» አለ። ዘፋኛችን ጥሩ ልጅ ነው፣ ወዲያው እሺ አለ። ነገ ቅዳሜ ሠርግ አለን። ከአዝማቹ በኋላ፣ ቤዙና ድራሙ ብቻ በሚቀሩበት ቦታ ላይ ስማችንን ሊጠራ ነው። እኔ ለአሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ስሜ በማይክ ተጠርቶ አያውቅም። እናቴን ልጠራት አስቤያለሁ።

---

የሸክላ_ቤት (ዓርብ፣ ጠዋት 5፡00)

ጥራት እንጂ! ከፊት አስቀምጣት።

ለድራም ተማሪ፦ ከክላይድ ጋር ጂሚ ኖለንንም ስሚ። ጊታሪስት ቢሆንም ለድራመር ትምህርት ነው። ቀኝ እጁ እንደ ሃይ ሃት ሳያቋርጥ ይፈጫል። ግራ እጁ ክሮቹን ጫን ያደርጋል፣ ወዲያው ይለቃል። ድምፁ ዶሮ መሬት ስትጭር የሚመስለው ለዚያ ነው። ክላይድ በድራም ያደረገውን እሱ በጊታር ነው ያደረገው። አብዛኛውን ይደብቃል፣ ጥቂቱን ያሰማል።

---

ድራም_ተማሪ (ሰኞ፣ ማታ 1፡35)

ታላላቆቼ ተመለስኩ። ሦስት ቀን ሌላ ነገር አልተጫወትኩም። ማዲሰን የኖሩት እንዳሉኝ ዱላውን ሁለት ጣት ብቻ አነሳሁ። መጀመሪያ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጮክ ይላል፣ ይጠፋል፣ ጮክ ይላል። ቅዳሜ ማታ ታናሽ እህቴ አጠገቤ ተኝታ ስለነበር ልቀሰቅሳት ፈርቼ በመለማመጃ ላስቲኳ ላይ በጣም ቀስ ብዬ ተጫወትኩት። በእሷ ምክንያት ነው የመጣልኝ። ትንንሾቹ ምቶች ገቡ። መሬቱ ከሥሬ የሚራመድ መሰለኝ። ቆም ማለት ፈርቼ ረጅም ሰዓት ተጫወትኩ።

ዛሬ ለአስተማሪዬ አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ከማን ተማርሽው አለኝ። ክላይድ ስቱብልፊልድ አልኩት።

ቤዝ ከአራት ኪሎ፣ እናትህ መጡ?

---

ቤዝ_ከአራት_ኪሎ (ሰኞ፣ ማታ 2፡10)

መጣች። ስሜ ሲጠራ እልል አለች። ሙሽሮቹ ዘወር ብለው አዩዋት።